ሁሉም የሚዘለው ክፍል፣ በአስተርጓሚ ዓይን

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከሚማር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «‹ስታር ትሬክ፡ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን›ን ከመጀመሪያው ጀምሬ እያየሁ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ውስጥ ‹ላውድ አዝ ኤ ዊስፐር› የሚባል ክፍል አለ፤ መስማት ስለተሳነው አስታራቂ ነው። ዶርም አብረውኝ የሚያዩት ልጆች ‹ይሄ ደካማ ነው፣ ዝለለው› አሉኝ። እኔ ግን ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት ማስረዳት አቃተኝ። እርስዎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስለሆኑ ልጠይቅዎት። ክፍሉ ውስጥ እውነት አለ? ሰውየው ለምን በጽሑፍ አይግባባም? መጨረሻውስ የዋህነት አይደለም?»

ወንድሜ፣ ጥሩ ዓይን አለህ። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አስተርጓሚ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይህን ያህል ጠጋ ብሎ ያሳየኝ ሌላ የቴሌቪዥን ድራማ አላየሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ላላዩት ታሪኩን ላስቀድም። «ስታር ትሬክ» በጠፈር መርከብ ከፕላኔት ፕላኔት ስለሚጓዙ መኮንኖች የሚተርክ የአሜሪካ ድራማ ነው። ይህኛው የሁለተኛው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ነው፤ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በጥር 1989 ነው። ሶላይስ አምስት በምትባል ፕላኔት ላይ ሁለት ወገኖች 15 ክፍለ ዘመን ሙሉ ሲዋጉ ኖረዋል። አሁን መሮአቸዋል። አስታርቀን ያሉት ሪቫ የሚባለውን ዝነኛ ሸምጋይ ነው። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ፒካርድ ከነመርከቡ ሊያመጣው ይሄዳል። ሪቫ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም፤ በዘሩ ያለ ነው። ታዲያ የሚናገሩለት ሦስት ሰዎች አሉት፤ «ኮረስ» ይባላሉ። አንዱ አእምሮው ነው፤ ፍርዱንና ፍልስፍናውን ይናገራል። ሌላው ስሜቱ ነው፤ ፍቅሩንም ቁጣውንም ያወጣለታል። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ሚዛኑ እሷ ናት። ፕላኔቷ ላይ ወርደው ድርድሩ ሊጀመር ሲል፣ ሰላሙን የማይፈልግ አንድ ተዋጊ ይተኩሳል። የፒካርድ ምክትል ራይከር ሪቫን ገፍትሮ ያድነዋል። ሦስቱ ግን እዚያው ይሞታሉ።

ለእኔ ክፍሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ መርከቧ ሲመለሱ ሪቫ እጁን ያንቀሳቅሳል። ይፈጥናል። ደግሞ ይጀምራል። ዙሪያውን ያሉት መኮንኖች ጋላክሲ አቋርጠው የመጡ ናቸው፤ አንዱም አይገባውም። ትዕይንቱን ቀስ ብለህ ደግመህ እየው። ሰውየው ዝም አላለም። ሲያወራ ነው ያለው። ቋንቋው ሙሉ ነው፣ ሐዘኑ ሙሉ ነው፣ ሰዋስው እንኳ አልጎደለበትም። የጎደለው ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ናቸው። ፒካርድ መጨረሻ ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ብቻህን አይደለህም ይለዋል። ሪቫ አይሰማውም፤ ግን ፊቱን ያያል።

ሕክምና ክፍል በር ላይ ይህን እጅ አይቼዋለሁ። ነርሷ «ምን እያለ ነው? ለምን ይጮህብኛል?» ስትል ሰውየው የሚለው «ሚስቴ ደም እየፈሰሳት ነው» ነበር። ፍጥነቱ ቁጣ መስሏት ነው። እኔ የደረስኩት ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ነው። የማይሰማ ሰው ሁልጊዜ ዝም ያለ ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ክፍል ግን ያንን ስህተት አይሠራም፤ የማይሰማው ሰው ሲናገር የማይሰሙት ሌሎቹ መሆናቸውን ያሳያል። ወደድኩት ግን ማስረዳት አቃተኝ ያልከው ነገር ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኮረሱ ልመለስ፤ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ።

ሦስቱ ሲናገሩ «እሱ እንዲህ ይላል» አይሉም፤ «እኔ» ነው የሚሉት። እኛም የምንማረው ይህንኑ ነው። የማይሰማው ሰው «አሞኛል» ካለ እኔ በአፌ «አሞኛል» እላለሁ። አንዳንድ ሐኪም ደንገጥ ብሎ «አንቺን ነው?» ይለኛል። ሁለተኛው ደግሞ ሪቫ ሰዎች ተርጓሚዎቹን እያዩ ሲያናግሩ አይወድም። እርሱን ነው ማየት ያለባቸው። ጅማ ውስጥ በየቀኑ የምታገለው ከዚህ ጋር ነው። ሰው ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪው፣ እንዲህ በይው» ይለኛል። ሰውየው እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል!

ሦስት መሆናቸውም ደስ ይለኛል። አንድ አስተርጓሚ ብቻውን ብዙ ሲቆይ አእምሮው ይደክማል፤ ስህተት ይጀምራል። ስለዚህ በረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት ሆነን በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃው እንቀያየራለን። ድራማው ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። አንድ ሰው አንድ ድምጽ ብቻ እንደሌለው ያውቃል። ስታፈቅር የምትናገርበት ድምጽ ስትከራከር የምትናገርበት አይደለም። እኔ አንድ ጉሮሮ ይዤ ለአንድ ሰው ይህን ሁሉ መሆን አለብኝ።

ኮረሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚተረጉመው ዳታ ነው፤ ሰው ሠራሹ የመርከቧ መኮንን። ከኮምፒውተሩ የምልክት ቋንቋዎችን አጥንቶ ይመጣል። ቃሉን አንድም አያጎድልም። ግን ድምጹ ጠፍጣፋ ነው። ሐዘኑንም ጥያቄውንም በአንድ ዜማ ያወጣዋል። በምልክት ቋንቋ ፊት ሰዋስው ነው። «መጣህ» እና «መጣህ?» የሚለዩት ቅንድብ ከፍ ሲል ነው፤ የእጁ ምልክት አይለወጥም። ዳታ ያንን ወደ ድምጽ ማምጣት አይችልም። ደራሲዋ ጃክሊን ዛምብራኖ ይህን አስባበት ይሁን አይሁን፣ ከሦስት ድምጽ ወደ አንድ ደረቅ ድምጽ መውረዱ ሪቫ ምን እንዳጣ ያለ ምንም ንግግር ይነግርሃል።

ሪቫን የሚጫወተው ሃዊ ሲጎ ራሱ መስማት የተሳነው ተዋናይ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስክሪፕት ላይ መጨረሻው ሌላ ነበር፤ ሪቫ በአንድ ሌሊት በአፉ መናገር ይማርና ሥራውን ይጨርሳል። ሲጎ ይህን አልቀበልም አለ። አዘጋጆቹም ሰሙት፤ መጨረሻው ተለወጠ። ሪቫ ተዋጊዎቹን የምልክት ቋንቋ ያስተምራቸዋል የሚለው የመጣው እንዲህ ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ላስረዳህ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የመምህራን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ጉባኤው መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ከክፍል ይውጣ ብሎ ወሰነ። ከሞላ ጎደል መቶ ዓመት ያህል በብዙ አገር ልጆች እጃቸው ታሰረ፣ ተመቱ፣ ያልሰሙትን ድምጽ አውጡ ተባሉ። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ስቶኪ በጥናት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አሁን አስበው። ሚሊዮኖች የሚያዩት ድራማ ላይ አንድ የተከበረ የማይሰማ ሰው በአንድ ሌሊት በአፉ ቢናገር ኖሮ፣ በማግስቱ ስንት ወላጅ ልጁን «አንተስ ለምን አትሞክርም?» ይለው ነበር?

እዚሁ ልጅ ይዞ መጥቶ «መቼ ይናገራል?» የሚለኝ አባት አለ። «ቋንቋ መቼ ይጀምራል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሲጎን እምቢታ ከተዋናይ ምርጫ በላይ አድርጌ ነው የማየው።

ለምን አይጽፍም ላልከው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ አትፈር። ሳይሰማ ለተወለደ ሰው የመጀመሪያ ቋንቋው ምልክት ነው። አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ በጽሑፍ ሲማር የሰው ቋንቋ እየተማረ ነው፤ ያውም ድምጹን ሳይሰማ። አንተ ከባድ ሐዘን ላይ ሆነህ፣ ሁለት ጦር አስታርቅ ተብለህ፣ በሁለተኛ ቋንቋህ በብጫቂ ወረቀት አስረዳ ብትባል? የጣት ፊደል አለ ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ የኛው ደግሞ በጣም ያምራል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ቤቶች የሚለያቸው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። «ጅማ» ለማለት የ«ጀ»ን ቅርጽ ይዘህ በሳድስ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ ቀጥለህ የ«መ»ን ቅርጽ በራብዕ። ሁለት እንቅስቃሴ፣ አለቀ። ግን ይህ ለስምና ለባዕድ ቃል ነው። ሙሉ ንግግር በጣት ፊደል ላድርግ ብትል አንድን ጥያቄ እስክትጨርስ ቡናው ሦስተኛው ይደርሳል።

የዋህነት ነው ስላልከው መጨረሻ ደግሞ ከራሴ ሥራ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ ሽምግልና ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። መስማት የተሳናቸው አንድ በርጩማ ጠራቢ ከወንድማቸው ጋር በአባታቸው ዎርክሾፕ ጉዳይ ተጣልተዋል። ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው። የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ ወደ ምልክት አመጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንደተለመደው አለፈ። ሁሉም እኔን ያያል፤ ለሰውየው የሚባለው ሁሉ ለእኔ ይባላል። ለሁለተኛው ቀጠሮ ከአጋሮ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ኔትወርክ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየሁ። መንገድ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው እዚያ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ እኔ ጥያቸው።

ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከአንድ ግንድ የተጠረበውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገልብጠውታል። አንዱን እግር ነክተው ራሳቸውን ያሳያሉ። ሌላውን ነክተው ወንድማቸውን። ሦስተኛውን ነክተው ወደ ጓዳ ይጠቁማሉ፤ እናታቸው እዚያ ናቸው። ከዚያ የ«እናት»ን ምልክት ሠርተው ይጠብቃሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ አባት፣ ምልክቱን ለመድገም እየታገሉ ነበር። ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሰውየው ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን አውራ ጣት ያስተካክሉላቸዋል። ክፍሉ ውስጥ ማንም አይናገርም።

ያን ቀን እርቅ አልወረደም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ሦስት ቀጠሮ ፈጅቷል። ግን እኔ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ መተርጎም ስጀምር ሽማግሌው እኔን አላዩም። ሰውየውን እያዩ ነው የተናገሩት። እስከመጨረሻው እንደዚያው ቀጠሉ።

እንግዲህ ሪቫ በመጨረሻ የሚለው ይህንኑ ነው። እዚሁ ተዉኝ፣ ምልክት አስተምራቸዋለሁ ይላል። ወራት ይፈጃል። ግን ከእኔ ጋር መነጋገር ሲማሩ እርስ በርሳቸው መነጋገርን ይማራሉ። ወደዚህ የሚያደርሰው ከመርከቧ አማካሪ ከዲያና ትሮይ ጋር ያደረገው ንግግር ነው። ድካምህን ወደ ጥንካሬ መልሰው የሚለውን የሙያውን ብልሃት ከሱው አፍ አውጥታ መልሳ ለሱው ሰጠችው። ተዋጊዎቹ 15 ክፍለ ዘመን ሙሉ በአፍ ተናግረዋል፤ አልጠቀማቸውም። አሁን ሁለቱም እኩል ጀማሪ ናቸው። ማናቸውም በቋንቋው የበላይ አይደሉም። ስትሳደብ እንኳ መጀመሪያ ስድቡን ከጠላትህ ጋር አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ መማር አለብህ። ደግሞ በምልክት ለመነጋገር ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ ነው። ጀርባህን ሰጥተህ አታወራም። ይህ የዋህነት አይመስለኝም። ሰላም መጣ አይልህም እኮ! ትምህርቱ ሊጀመር ነው ብሎ ያቆማል።

ዎርፍ፣ ክሊንጎን ከሚባለው የተዋጊዎች ዘር የሆነው የመርከቧ መኮንን፣ የሚላት አንዲት ነገርም አለች፤ ፈጥና ታልፋለች፣ እንዳታመልጥህ። ከሪቫ በፊት በክሊንጎን ቋንቋ «አስታራቂ» የሚል ቃል አልነበረም ይላል። እኛ ቃሉም ሰዎቹም አሉን። ሽምግልና ላይ ግን መስማት የተሳነው ሰው ባለጉዳይ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ሸምጋይ ሆኖ ሲቀመጥ እኔ አላየሁም። ድራማው እ.ኤ.አ. በ1989 ዋናው ሸምጋይ አድርጎ አስቀምጦታል።

ጓደኞችህ ለምን ዝለለው እንዳሉህም ይገባኛል። ሁለተኛው ሲዝን የተሠራው የአሜሪካ ደራስያን አምስት ወር የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉበት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሲዝኑ ከ26 ወደ 22 ክፍል ወርዷል፤ ጥድፊያው ያስታውቃል። አድናቂዎች በጅምላ ነው የሚዘሉት። ስለ መግባባት ሲነሳ ደግሞ ሁሉም የሚጠራው የአምስተኛው ሲዝን «ዳርሞክ»ን ነው፤ በምሳሌ ብቻ የሚናገሩ ሰዎች ያሉበትን። እሱም ግሩም ነው። ቅኔ ለምናውቅ ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። ግን እዚያ ያለው ችግር እንቆቅልሽ ነው፤ ፒካርድ ይፈታዋል። እዚህ የሚፈታ እንቆቅልሽ የለም። ሰው ቁጭ ብሎ መማር አለበት።

ጉድለቱንም ልናገር። ኮረሱ የሪቫን ሐሳብ እንዴት እንደሚያገኘው በደንብ አልተብራራም፤ እጁን ሳያንቀሳቅስ ይናገሩለታል። ይህ እኛን አስተርጓሚዎችን አእምሮ አንባቢ ያስመስለናል፤ አይደለንም። ሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ምን እንደሚፈልጉ ምንም አይነገረንም። ከሁሉ በላይ የሚያስከፋኝ ግን የሦስቱ ሞት ነው። ሪቫ ያዝንላቸዋል፤ መርከቧ ግን ቶሎ ትረሳቸዋለች። ሦስት ሰዎች ናቸው እኮ የሞቱት፣ ሦስት ባለሙያዎች። ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው የማያነሳው ነው። የመርከቧ መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ ዓይነ ስውር ነው፤ የሚያየው ፊቱ ላይ በሚያደርገው ቫይዘር ነው። ሪቫ ስለ መሣሪያው ይጠይቀዋል፤ አትጠላውም ወይ ዓይነት ጥያቄ። ጆርዲ ሲመልስ ቫይዘሩም ዓይነ ስውርነቱም የእኔ አካል ናቸው፣ እኔ ደግሞ ራሴን እወደዋለሁ ይላል። እዚያው ክፍል ውስጥ የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ፑላስኪ መደበኛ ዓይን ልትሰጠው እንደምትችል ትነግረዋለች። እሱም ላስብበት ብሎ ይሄዳል። ወዲያው እሺ አላለም።

ባለፈው ክረምት ይህን ክፍል ከሦስት መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ጋር ቤቴ ውስጥ አየነው። ውጭው ዝናብ ነው። ከሥር የሚወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ተረጎምኩላቸው። ሪቫ ብቻውን የቀረበት ትዕይንት ላይ የሲጎ ምልክት ሙሉ በሙሉ አልገባቸውም፤ የሱ የአሜሪካ ምልክት ነው፣ የኛ የራሱ ነው። ፊቱን ግን ከእኔ ቀድመው አነበቡት። አንዱ ልጅ መተርጎሙን ተዪው ብሎ በእጁ አስቆመኝ።

ጆርዲ የሚመልስበት ጋ ስንደርስ ከመካከላቸው ያለችው ልጅ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደች። ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና ተርጉሚልኝ አለችኝ። ተረጎምኩላት። አሁንም መለሰችው። ሦስተኛው ላይ እኔን ማየት ትታ ራሷ በራሷ ምልክት ደገመችው፤ «የኔ አካል ነው፤ ራሴን እወደዋለሁ።» ሁለቱ ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አወዛወዙላት። እኛ ዘንድ ጭብጨባ እንዲያ ነው።